ከሰሉን እንደ ምስር የለቀመችው

ሲማዳ ቆላ ገደሉ ሥር ያለውን ጥቁር ድንጋይ ልጆች ሳለን ግድግዳ ላይ እንጫጭርበት ነበር። እኔ ፊደል የለየሁት በሱ ነው። ዛሬ የድንጋይ ከሰል ተብሎ በገልባጭ መኪና ይጫናል፤ ወንድሜም ከቆፋሪዎቹ አንዱ ነው። እኔ ጉድጓዱ አፍ ላይ ሸራ ወጥሬ ሻይና ዳቦ ስለምሸጥ የማወራችሁ ሁሉ ዓይኔ ሥር የሆነ ነው።

ሥራው በቡድን ነው። ገሚሱ ይቆፍራል፣ ገሚሱ በጆንያ ያወጣል፣ ይጭናል። ክፍያው በመኪና ስለሆነ ድርሻው እኩል ነው። ድንጋይ የበዛበትን ጭነት ተረካቢው ይመልሰዋል፤ አውርዶ እንደገና መጫን ደግሞ የነጻ ድካም ነው። አንድ ሰው ከጎደለም ሸክሙ የቀሩት ጀርባ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ቦታ ክፍት ሆኖ አይውልም፤ ከእስቴም ከጋይንትም የመጣ ሥራ ፈላጊ ጠርዙ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል።

ዐቢይ ጾም በገባ ሰሞን ወንድሜን ጆንያ እንደተሸከመ አዳለጠውና ትከሻው ወለቀ። ወጌሻው መልሶ አሰረለትና "እስከ ፋሲካ ዶማ እንዳትነካ" አለው። መሬታቸው ጠባብ ነው። ያ ቦታ ከሄደ ቤታቸው በምን ይቆማል?

በማግስቱ ሚስቱ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ መጣች። የቡድኑ አለቃ፣ ሽበታሙ ሰውዬ፣ ቀና ብለው አዩዋት።

"ምን ፈልገሽ ነው ልጄ?"

"የባሌን ወንፈል ልሠራ።"

ወንፈል ጉልበት መበዳደር ነው፤ ዛሬ የኔን እርሻ፣ ነገ ያንተን። ባል ቢታመም ቤቱ ሌላ ሰው ይልካል እንጂ ወንፈሉ አይፈርስም።

"ይኼ እኮ አጨዳ አይደለም" አለ አንዱ ጎረምሳ።

"አጨዳ ላይም ከኋላ ነበርክ፤ አይቼሃለሁ።"

ሁሉም ሳቁ፤ አለቃው ግን አልሳቁም። "ጉድጓድ አትገቢም። የወጣውን ከድንጋይ እየለየሽ ትጭኛለሽ። መኪናው ካልሞላ ነገ ሌላ ሰው አስገባለሁ፤ እንዳትቀየሚኝ።"

"እሺ አባ።"

ቁጭ ብላ ልክ እንደ ምስር ትለቅመው ጀመር። በእጇ እየመዘነች ቀለል ያለውን ከሰል ወዲህ፣ ከበድ ያለውን ድንጋይ ወዲያ። ጠጠር እንኳ አላሳለፈችም። ጾመኛ ናት፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ አልቀመሰችም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መኪናው ገና ጎደሎ ነበር።

"እቴ፣ ለወጥ እኮ አይደለም የምትለቅሚው" አላት ጎረምሳው። አሁን የሳቀ የለም። ሾፌሩ ጎደሎውን ይዞ ሄደ።

ወደ ቤት ስንመለስ "ነገ ሰው ካስገቡብኝ የባሌን ፊት እንዴት አያለሁ?" አለችኝ።

ጠዋት ስንደርስ አንድ የእስቴ ሰው ዶማውን ይዞ ከአለቃው ጎን ቆሟል። እሷ እሱን ሳታይ ክምሯ ጋ ሄዳ ተቀመጠች። መኪናው መጣ፣ ሾፌሩም ገና ሳይወርድ በመስኮቱ ብቅ አለ።

"የትናንቱን የለቀመው ማነው? የሌሎቹ ቡድኖች ሁሉ ተመልሷል፤ የናንተን ግን ተረካቢው አንድ ቃል ሳይናገር አራገፈው።"

አለቃው ክምሩን አዩ፣ እሷን አዩ፣ ከዚያ ወደ እንግዳው ዞሩ። "ወንድሜ፣ ይቅርታ አድርግልኝ። ቦታው ሰው አለበት።"

ከዚያ ወዲያ ቆፋሪዎቹ ድንጋዩን እታች እያስቀሩላት መኪናው በጊዜ ይሞላ ጀመር። ጎረምሳውም እጁ ባዶ ሲሆን አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ ይለቅማል። እኔ ከሻይ ማፍያዬ አጠገብ ሆኜ አያታለሁ፤ ጾሙ ሳያደክማት፣ አቧራው ጥርሷን ብቻ አስቀርቶላት፣ ትለያለች።

ከፋሲካ በኋላ ወንድሜ ድኖ ቦታው ገባ፣ እሷም ቤቷ ተመለሰች። ሳምንት ሳይሞላ አለቃው ደጃቸው መጡ። እኔም እዚያው ነበርኩ።

"የባልሽን ወንፈል ጨርሰሻል" አሏት። "አሁን ለራስሽ ነይ።"

"በምን ድርሻ?"

"እንደ ሁላችን።"

ወንድሜ ጉሮሮውን ጠረገ። "ታዲያ ምሳውን ማን ሊሠራ ነው አባ?"

"ትከሻህ ድኗል አይደል?" አሉት።