የፈትያ ሳሙና

ኑሪያ ጅቡቲ ከተማ፣ ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚባለው ሰፈር በሰው ቤት ተቀጥራ ስትኖር ያልለመደችው ሥራ አልነበረም፤ የእንጀራ እናትነት ሲቀር። ሚስቱ የሞተችበትን ዓብዱልጀሊልን አግብታ አርሂባ ወደሚባለው ሰፈሩ ስትገባ ጎረቤቱ ሁሉ ተቀበላት። የባሏ ልጅ ሩቅያ ግን አልተቀበለቻትም። አትሳደብም፣ አታኮርፍም። ሲያዟት ትሠራለች፣ ሲጠይቋት ትመልሳለች፣ ከዚያ ወዲያ ቃል የለም። ዝም አይነቅዝም ይባላል። የኑሪያ ልብ ግን ነቅዞ ነበር።

የልጅቷ እናት ፈትያ፣ አላህ ይርሐማትና፣ በየዓመቱ ረመዳን ሲወጣ የተጠራቀመውን የሳምቡሳ ዘይት አጥልላ የቤቱን ሳሙና ትሠራ ነበር። ኑሪያ ይህን ከባሏ ስትሰማ፣ እኔም ብሠራው ልጅቷ ትቀርበኛለች ብላ ተስፋ አደረገች። ምስኪን፣ ሳሙና ሰው የሚያጣብቅ ይመስል!

ኮምቦልቻ እያለች ከእናቷ ጋር ሠርታ ስለምታውቅ አላመነታችም። ዘይቱን በጨርቅ አጠለለች፤ ከቧንቧ ውሃ ቀድታ ዘይቱን ሳሙና የሚያደርገውን ኮስቲክ ሶዳ ጥቂት በጥቂት ጨመረችበት። ባልዲው መጋል ሲጀምር ሩቅያን ራቅ በይ አለቻት፤ ልጅቷም ራቅ ብላ ቆማ አየች። ከዘይቱ ጋር ቀላቅላ ክንዷ እስኪዝል አማሰለችው። ሳሙናው ግን ሲደርቅ እንደ አይብ ተፈረካከሰ፤ ልብስ ላይ ሲያሹት አረፋ የሚባል የለውም። ደግማ ሠራች፤ ያው ሆነ። ዓብዱልጀሊል «የሞኝ ለቅሶ መልሶ መላልሶ» እያለ ሲስቅ እሷም አብራ ሳቀች።

እንደገና ባልዲዋን ይዛ ወደ ቧንቧው ስትሄድ ሩቅያ በሩ ላይ ቆመች።

«በሱ አይሆንም። የዚህ አገር ውሃ ጨው አለው። እማዬ ከክሊሙ የሚንጠባጠበውን ነበር የምታጠራቅመው።»

ኑሪያ ክው አለች። ያሠሪዎቿ ቤት ክሊም፣ የአየር ማቀዝቀዣው፣ የሚያወርደውን ውሃ በየማለዳው ስትደፋ ነው የኖረችው። የቧንቧው ውሃ ጨዋማ መሆኑን ስትጠጣው ታውቃለች፤ ለሳሙና ጠላት ይሆናል ብሎ ግን የወሎ ልጅ ከየት ያስበዋል?

«ከመጀመሪያው ታውቂ ነበር?»

ሩቅያ አቀረቀረች። «አውቅ ነበር። ካማረልሽ የእማዬ መሆኑ ይቀራል ብዬ ነው።»

ኑሪያ ተናደደች፤ ለምን ይዋሻል። ክንዷ ገና ያማት ነበር። ነገር ግን የልጅቷ ከንፈር ሲንቀጠቀጥ ስታይ ንዴቷ የት እንደገባ እንጃ። ባልዲውን ወስዳ ከቤቱ ጀርባ ማቀዝቀዣው ከሚያንጠባጥብበት ሥር አስቀመጠችው።

ውሃው ሲበቃ ሥራውን አንድ ላይ ጀመሩ። ኑሪያ ማማሰያውን ይዛ፣ እናትሽ እስከ ምን ድረስ ነበር የምታማስለው፣ ምንስ ትጨምርበት ነበር ብላ ጠየቀቻት። ሩቅያ አሰበች፣ አሰበች፣ ፊቷ ተለዋወጠ።

«አላውቅም» አለች። «ባልዲውን ነበር የማመጣላት። ከዚያ ልጫወት እወጣለሁ። ሌላውን አላየሁም።»

ከሰው ስትጠብቀው የኖረችው የእናቷ የሳሙና አሠራር ከውሃው በቀር እሷም ዘንድ እንደሌለ ያን ጊዜ ለሩቅያ ገባት። እናቷ ከሞተች ወዲህ ሰው ፊት አልቅሳ የማታውቅ ልጅ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

ኑሪያ አይዞሽ አላለችም። ማማሰያውን አስያዘቻትና የራሷን እጅ ከላይ ደረበች።

«ውሃው ካለን የቀረውን እየሞከርን እንደርስበታለን» አለቻት።

ሩቅያ እንባዋን በትከሻዋ ጠረገች። እጇን ግን አልሳበችም።