ቡሄ ያለ ፌስታል

ዘንድሮ በቡሄ ፌስታል እጄ ላይ አይታይም ብዬ ተነሣሁ። አስተማሪዋ ልጄ ‹‹እማ፣ ፌስታል እኮ መሬት ውስጥ አይበሰብስም›› እያለች ስትወተውተኝ ከርማለች። እናም ሙልሙሉን በእርጥብ የኮባ ቅጠል ጠቅልዬ፣ በቅርጫት ይዤ፣ ከእንጅባራ ዳንግላ ለንስሐ አባቴ ወሰድኩ። የእኔን የቡሄ ዳቦ ሳይቀምሱ የቀሩበት ዓመት የለም።

ደጃቸው ስደርስ ከመናኸሪያ ከተሳፈርኩበት የፈረስ ጋሪ ወረድኩና ቅርጫቱን መሬት አስቀምጬ መስቀል ተሳለምኩ። ያኔ ዝም ብል ምን ነበረበት! ‹‹አባ፣ የዘንድሮው ልዩ ነው። ሰው ሁሉ በፌስታል አገር ሲያበላሽ፣ እኔ ግን እግዚአብሔር በፈጠረው ቅጠል...›› ብዬ ለካህኑ ስብከት ጀመርኩላቸው። እርሳቸውም በትዕግሥት ሰሙኝ።

‹‹እማማ፣ ፈረሱ!›› አለ ባለጋሪው።

ዞር ስል ፈረሱ አፉን ቅርጫቱ ውስጥ ከቶ ቅጠሉን ከነዳቦው ያኝካል።

‹‹ምን ያድርግ እማማ፣ ለምለም ሲያይ ለእኔ ነው ብሎ እኮ ነው›› ብሎ ሳቀብኝ።

አባ ጎንበስ ብለው ከቅርጫቱ ሥር ፈረሱ ያልነካትን አንዲት ሙልሙል አወጡና ቀና ብለው አዩኝ። ቅጠል ሲያልቅብኝ ማን ያየኛል ብዬ በፌስታል የጠቀለልኳት ነበረች።