ቀይ ጨርቅ ያልተሰቀለላት ደወል

ጎምዛዛው ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ትናንሽ አውሮፕላኖች ሲጠግን ኖሮ አንድም ቀን ተሳፍሮባቸው አያውቅም። ለምን ሲሉት፣ «የማድቤቱን ጉድ የሚያውቅ ሰው እዚያው ቤት አይበላም» ይላል። ስሙን ያወጡለት የበረራ ክበቡ አባላት ናቸው። አልተቀየማቸውም፤ እሱ ለእነሱ ያወጣላቸው ከዚህ የባሰ ነበራ! «የእሁድ አሞሮች» ነው የሚላቸው። ሳምንቱን ሙሉ ሰው ሆነው ይሰነብቱና እሁድ ጥቁር መነጽር ሰክተው ክንፍ ያበቅላሉ።

ሃንጋሩ፣ አውሮፕላኖቹ የሚቆሙበት፣ ሰፊ የቆርቆሮ ቤት ነው። ወለሉን ነጭ ቀለም የቀባው ራሱ ነው፣ የወደቀች ብሎን ከሩቅ እንድትታይ። በመስታወት በተከለለው ሻይ ቤት አሞሮቹ ተቀምጠው የማን አውሮፕላን ይበልጣል እያሉ ይጨቃጨቃሉ። እሱ ደግሞ እጁን በቡትቶ እየጠረገ በሩ ላይ ቆሞ ያዳምጣል። ማዳመጥ እንኳን አይባልም፣ ተራውን ይጠብቃል።

«የኔዋ እግሯን አጥፋ ሆዷ ውስጥ ስትከት ጥይት ናት!» ይላል ጠበቃው።

«ጥይት ናት፣ ማን ይክዳል» ይላል ጎምዛዛው። «ችግሩ ስታርፍ እግሯን እንዲዘረጋላት የተቀጠረው ጠበቃ መሆኑ ነው። አምና በሆዷ ተኝታ አስፋልቱን የላሰችው የማን ነበረች? የአክስቴ ናት?»

ጡረታ የወጣው አስተማሪ በሳቅ ይፈርሳል። የእሱዋ በጨርቅ የተለበጠች፣ ጭራዋ ሥር አንዲት ትንሽ ጎማ ያላት አሮጊት ናት። ጠጠር ላይ ታርፋለች፣ ኳስ ሜዳ ላይ ታርፋለች።

«አንተ ደግሞ ምን ያስቅሃል? መሬት ከነካች በኋላ እግርህን ከፔዳሉ ለአፍታ ብታነሳ ጭራዋን እንደሚያባርር ውሻ አይደለም የምትሾረው? ሠላሳ ዓመት ልጆች ቀጥ በሉ ስትል ኖረህ፣ አንዲት አውሮፕላን ቀጥ አድርገህ ማቆም ያቅትህ!»

በዓለም ላይ በንቀት ዓይን የማያያት አንዲት ብቻ ናት፣ ክንፏ ከአናቷ በላይ የተዘረጋው የክበቡ ማሠልጠኛ፣ «ጃንጥላዋ»። እርግጥ ትንቀረፈፋለች። የጎን ነፋስ ያንገላታታል፣ ስትታጠፍም ክንፏ የምትሄድበትን ይጋርዳል። ነዳጁ ግን ከሁለቱም ክንፍ በራሱ ክብደት ወደ ሞተሩ ይወርዳል፤ ፓይለቱ ቢያንቀላፋም ሞተሩ አይራብም። «ለደደብ የተሠራች ናት፣ ስለዚህ ለእናንተ ልክክ ትላለች» ብሎ ይመርቃታል።

አምርሮ የሚንቃት ደግሞ «ቀጭኗ»ን ነው። ክንፏ ከሥር ነው። ቆንጆ ናት፣ ፈጣን ናት፣ ስታርፍ አየሩ ላይ እንደ ትራስ ትደላደላለች። ነገር ግን በሯ አንድ ብቻ ነው፣ ፓይለቱ ለመውጣት አጠገቡ ያለው ሰው እስኪወጣ ይለማመጣል። ከሁሉ የከፋው ነዳጇ ነው። ሞተሯ የሚጠጣው በአንድ ጊዜ ከአንድ ክንፍ ብቻ ሆኖ፣ ፓይለቱ በየግማሽ ሰዓቱ እጀታ አዙሮ ከግራ ወደ ቀኝ ካልቀየረ፣ ቀኙ ክንፍ ሙሉ ሆኖ ሞተሩ በጥም ይሞታል። ውሃ ተሸክሞ በጥም መሞት ይሏል ይሄ ነው!

የቀጭኗ ባለቤት የጥርስ ሐኪሙ ነው። ሁለት ጊዜ መቀየሩን ረስቶ ሞተሩ ሰማይ ላይ አስሎበታል። ከዚያ በኋላ ከክሊኒኩ አንዲት ሎሚ የምታክል ቢጫ ደወል አመጣ፤ የጥርስ ልክ የሚወሰድበት ሊጥ እስኪጠነክር ደቂቃ የምትቆጥር። ወንበሮቹ መሃል አስቀምጧት በየግማሽ ሰዓቱ ትጮህለታለች። ጎምዛዛው ይህን ሲሰማ አንድ ሳምንት ሙሉ ሳቀ።

ሳቁ የቆመው የጥርስ ሐኪሙ የጎምዛዛውን ልጅ፣ ያቺን አንድያ ልጁን ሊያገባት መሆኑን የሰማ ቀን ነው።

«አባዬ፣ እሁድ እናቱ ጋ ሊወስደኝ ነው» አለችው። ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው፣ ስትናገርም መድኃኒት እንደምታዝ ነው፣ ቁርጥ አድርጋ። «በቀጭኗ።»

«አውቶቡስ የለም?»

«ከጋራው ማዶ እኮ ነው፣ በመንገድ ሙሉ ቀን ይፈጃል።»

«ይፍጃ! ሰውዬው ደወል ካልጮኸበት እጁን የማያዝ ሰው ነው። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም፣ ልጄ።»

«እሺ፣ ፈትሻት። ችግር ካገኘህ አንሄድም። ካላገኘህ ፈርመህ ዝም ትላለህ።»

ሦስት ቀን ፈተሻት። ብሎን በብሎን፣ ሽቦ በሽቦ፣ የሙሽራውን ገመና እንደሚፈልግ ሰው። ምንም! ያቺ ቀጭን ምንም ጉድ አልነበረባትም፣ ይሄ ደግሞ ይበልጥ አናደደው። በመጨረሻ ወንበሮቹ መሃል ቢጫዋን ደወል አያት።

እዚህ ላይ የሃንጋሩን ሕግ ማወቅ ያስፈልጋል። ሕጉን ያወጣው ራሱ ጎምዛዛው ነው። ከአውሮፕላን ላይ አንዲት ብሎን እንኳ የነቀለ ሰው፣ የተነሳው ነገር የተጻፈበት ቀይ ጨርቅ መሪው ላይ ይሰቅላል፤ ፓይለቱ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ጨርቅ ሳይሰቅሉ ዕቃ ያነሱ ሁለት መካኒኮችን በዚሁ ምክንያት አባሯል።

ያን ቀን ደወሏን አነሳና የዕቃ ሳጥኑ ውስጥ ወረወራት። «ኮተት!» አለ። ቀይ ጨርቅ አልሰቀለም። ጨርቅ የሚሰቀለው ለዕቃ ነው፣ ለአሻንጉሊት አይደለም ብሎ። ፈረመ።

እሁድ ጠዋት ቀጭኗ ሁለቱን፣ ለእናትየው የተገዛውን ትልቅ የግድግዳ መስታወትና ሁለት ሻንጣ ይዛ ተነሳች። ክብደት እንዳይበዛ ብለው ነዳጁን በየክንፉ ለአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው የሞሉት። ጎምዛዛው ለስንብት እጁን እንኳን አላወዛወዘም። ወደ ጃንጥላዋ ሞተር ተመለሰ፣ ካቻቢቴ ሊያወጣ ሳጥኑን ከፈተ፣ ቢጫዋ ደወል አፍጥጣ አየችው።

የግድግዳውን ሰዓት አየ። ከተነሱ አርባ ደቂቃ። ካልቀየረ ግራው ክንፍ ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል። ጋራው ላይ የሚደርሱት ከአሥራ አምስት ደቂቃ በኋላ ነው፤ ከጋራው በላይ ማረፊያ የሚሆን መዳፍ የምታህል ሜዳ የለችም፣ ከጋራው ማዶ ደግሞ ሬዲዮው ድዳ ነው።

ሮጠ። ሃያ ሰባት ዓመት ሮጦ አያውቅም። ሬዲዮ ክፍሉን በትከሻው በረገደው።

«ውይ ጋሼ! ምን ሆኑ?» አለች የሬዲዮ ሠራተኛዋ።

«ቀጭኗን ጥሪልኝ!»

«ድምፅ ማጉያው ሻይ ቤቱ ውስጥ ክፍት ነው፣ ልዝጋው?»

በመስታወቱ አሻግሮ አያቸው። ጠበቃው፣ አስተማሪው፣ ሌሎቹም አሞሮች ስኒያቸውን ይዘው አንገታቸውን አስግገዋል።

«ተይው፣ ጊዜ የለም» ብሎ መነጋገሪያውን ነጠቃት። «ቀጭኗ! ትሰማለህ? ነዳጅ ቀይር! ደወልህን እኔ ነኝ ያነሳሁት። ኮተት ናት ብዬ ነው። ጨርቅም አልሰቀልኩም። ሰማህ? ቀይር፣ አንተ ልጅ!»

ሬዲዮው ተንሿሿ። መልስ የለም። ሻይ ቤት ውስጥ የሚስቅ አልነበረም። ጎምዛዛው በሆዱ ለሃያ ሰባት ዓመት ሲያከማች የኖረውን ስድብ ሁሉ አንድ በአንድ እያወጣ ራሱ ላይ ለጠፈው፤ ደግሞ ሁሉም በልኩ የተሰፋ ሆኖ አገኘው።

«ልጄ አብራህ አለች» አለ በቀስታ፣ መነጋገሪያውን እንደያዘ። «ልጄን እባክህ።»

«አባባ» አለ የጥርስ ሐኪሙ ድምፅ፣ እየተቆራረጠ። «ይቅርታ፣ እጄ መሪው ላይ ነበር። በሠላሳኛው ደቂቃ ቀይሬያለሁ። ደወሏ እንደሌለች ገና ሳንነሳ አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅከኝም?»

«እርስዎን? መሪው ላይ ቀይ ጨርቅ የለም። እርስዎ ቢያነሷት ይሰቅሉ ነበር፣ ስለዚህ እኔው ክሊኒክ ረስቻት ነው ብዬ ራሴን ሰደብኩ። ልጅዎ በሰዓቷ እየቆጠረችልኝ ነው።»

«አባዬ፣ ሃንጋር ውስጥ አይደል ያሳደግከኝ?» የልጁ ድምፅ ገባ። «አሁን ዝም ትላለህ ተባብለናል።»

ሻይ ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ጠበቃው ጠረጴዛ ደበደበ። «ኧረ ጎምዛዛው! አስፋልቱን የላሰችው የማን ነበረች አልክ? የአክስትህ ናት?» ጎምዛዛው ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

ከሰዓት በኋላ ቀጭኗ ተመልሳ እንደ ልማዷ አየሩ ላይ ተደላድላ አረፈች። በአንዱ በር መጀመሪያ ልጁ ወረደች፣ ከኋላዋ የጥርስ ሐኪሙ። ጎምዛዛው ቆሞ ይጠብቃቸዋል። በአንድ እጁ ቢጫዋን ደወል ይዟል፣ የቱታው ደረት ላይ ቀይ ጨርቅ በመርፌ ቁልፍ ተሰክቷል። «ደወል ተነስቷል» የሚል ተጽፎበታል፣ ከሥሩም ፊርማው።

የጥርስ ሐኪሙ አነበበና ከንፈሩን ነከሰ፣ እንዳይስቅ።

«ሳቅ፣ ሳቅ» አለ ጎምዛዛው፣ ደወሏን መዳፉ ላይ እያስቀመጠለት። «ግን እንደ ጃንጥላዋ ያለች ገዝተህ ቢሆን ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።»