ለእህቴ ብለው የሞቱት

ታናሽ እህቴ ከአረብ አገር በተመለሰች በዓመቱ ትኩሳት ጣላት፤ አንገቷም በግራና በቀኝ አበጠ። ለዕረፍት ጋፋት አጠገብ ወዳለው የወላጆቻችን ቤት ስደርስ፣ እናቴ እብጠት የሚተኩሱ ሽማግሌ አስጠርታ ብረቱ እሳት ውስጥ ነበር።

«መጀመሪያ ደብረ ታቦር ትታይ» አልኩ።

«ሐኪም እጢ ካየ ካንሰር ነው ይላል» አለች እናቴ።

«እኔ ካንሰሩንም ብረቱንም አልፈልግም» አለች እህቴ።

ሽማግሌው ሳይቀየሙ ብረቱን ከእሳት አወጡ። «ውሰዳት ልጄ። ሐኪሙ ካልሆነለት እኔ የት እሄዳለሁ?»

ሆስፒታል ደሟ ተመረመረ። ሐኪሟ ቫይረስ ሳይሆን እንደማይቀር ነገረችን፤ እብጠቱ ካልጎደለ ግን ከእጢው ናሙና ተወስዶ ካንሰር አለመሆኑ መረጋገጥ አለበት። በምን ምክንያት እንደሚጎድል ጠየቅኳት። ለእናቴ የምነግራት ነገር ያስፈልገኝ ነበር።

ቤት ስንመለስ የሰማሁትን እንዳለ ነገርኳት። ቲ የሚባሉ የደም ሕዋሳት በሽታውን ለመውጋት በብዛት ይራባሉ፤ አንገቷን ያሳበጡት እነሱ ናቸው። ሥራቸው ሲያልቅ መቀነስ አለባቸው።

«እንደ ወንፈል ነዋ» አለች እናቴ። «አጭደው ወደየቤታቸው ይሄዳሉ።»

«አይሄዱም እማ። አብዛኞቹ ይሞታሉ።»

«ማን ገደላቸው?»

«ራሳቸውን ነው የሚያጠፉት።»

እናቴ አማተበች። «ራሱን ላጠፋማ ፍትሐት የለውም!»

«እማ፣ ለደሜ ቄስ ልትጠሪ ነው?» አለች እህቴ። ከታመመች ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።

እናቴ ግን አልሳቀችም። «ባይሞቱስ?»

«እየበዙ ይሄዳሉ። የገዛ ሰውነቷንም ሊወጉ ይችላሉ። የሚቀሩት ጥቂቶቹ ናቸው፤ በሽታው ተመልሶ ቢመጣ የሚያውቁት።»

ከዚያ በኋላ እናቴ በየማለዳው የእህቴን አንገት በጣቷ ትዳስስ ነበር። መጀመሪያ ለውጥ አልነበረም። ሦስታችንም ስለ ናሙናው ማውራት ተውን። ከዚያ በግራ በኩል ያለው እብጠት ጎደለ፤ ቀኙ ቆይቶ ተከተለ። ለቀጠሮው ስንሄድ ሐኪሟ ደጋግማ ነካችና ናሙና አያስፈልግም አለች። እህቴ ከመቀመጫዋ ሳትነሳ ፊቷን በእጇ ሸፍና አለቀሰች።

በማግስቱ እናቴ ጸሎቷን ስታደርስ ሰማኋት። የሞቱብንን ዘመዶች አንድ በአንድ ከጠራች በኋላ፣ ትንሽ አሰብ አድርጋ፣ «ለልጄ ብለው ያለፉትንም ማርልኝ» አለች።

እህቴ ከመደቡ ላይ ሆና ሳቋን ማፈን አቃታት። እኔ አሜን አልኩ።