በረግረጉ መዝገብ ያለች አንዲት ቀን

ጋሽ ዑቕባዝጊ ውሃውን ከመለካታቸው በፊት ይቀምሱታል። የቀኝ እጃቸውን ጓንት በጥርሳቸው ስበው ያወልቃሉ፤ ትንሿን ጣታቸውን ነክረው ምላሳቸው ላይ ያደርጋሉ፤ እትፍ ይላሉ። መለኪያውን የሚያወጡት ከዚያ በኋላ ነው።

የረግረጉ ተመራማሪ ዶክተር ሉንድ «የመንገድ እጣቢ እኮ ነው፣ አይቅመሱት!» እያለች ስትቆጣቸው ስድስት ዓመት አለፋት።

«የኔ ምላስ ባትሪ አይጨርስም» ይሏታል።

ረግረጉ ለጥናትና ለወፎች የተከለለ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ እሳቸው ከሚኖሩባት ከኒው ሆፕ ከተማ ብዙም አይርቅም። ባሕር ከዚያ ከአንድ ሺህ ማይል በላይ ይርቃል፤ ውሃው ግን ጨው አለው። በበረዶው ወራት መንገዱ ላይ ጨው ይበተናል። ጨው የጠጣው በረዶ ተጠርጎ ከረግረጉ አጠገብ ባለ ባዶ ቦታ ይከመራል፤ መጋቢት ላይ ሲቀልጥ ወደ ውሃው ይወርዳል።

ይህን መጀመሪያ የደረሰበት የጋሽ ዑቕባዝጊ ምላስ ነው። በፈረንጆች 1991 ቅዳሜ ቅዳሜ ረግረጉ ዳር ያለውን የዶክተሯን የጥናት ቤት ያጸዱ ነበር። በወጣትነታቸው ምጽዋ ጨው ማምረቻ ውስጥ ሠርተዋል፤ የባሕሩ ውሃ ጨው እስኪሆን ከገንዳ ወደ ገንዳ የሚያልፍበትን ቀን በምላሳቸው ከሚለዩ ሽማግሌዎች ነው ሥራውን የተማሩት። አንድ ጠዋት ባልዲያቸውን ሊሞሉ ጎንበስ አሉና ጣታቸውን ቀመሱ። ገብተውም «ረግረግሽ ጨው ነው» አሏት።

ዶክተሯ ሳቀች። ለካችው። ከዚያ አልሳቀችም።

«በየቀኑ ከተለካ ማዘጋጃ ቤቶቹ ያምኑናል» ብላ መዝገብ ሰጠቻቸው። ከዚያ ወዲህ ሴንት ፖል ወዳለው የመኪና ማቆሚያ ሥራቸው ከመሄዳቸው በፊት ጠዋት ጠዋት ረግረጉ ዘንድ ይቆማሉ። ሲበርድ በረዶውን በብረት ዘንግ ሰብረው ውሃውን ያገኙታል። እስክሪብቶ ስለሚቀዘቅዝ ቁጥሩን በእርሳስ ይጽፋሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ኣዜብ «ስልሳ ሲሞላህ ትተወዋለህ» ብለዋቸው ነበር። ስልሳ ሞላቸው፤ አልተዉትም።

የሥራ ባልደረባቸው ረጋሳ ስኔሊንግ አቨኒው ላይ ባለ ምግብ ቤት ምሳ ሲበሉ አይምራቸውም።

«ጋሼ፣ አሜሪካ ድረስ መጥተው የእንቁራሪት ደም ግፊት ይለካሉ አሉ?»

«የነሱስ ደህና ነው» አሉና የጨው እቃውን ከእጁ ነጠቁት። «ያንተ ነው ያሳሰበኝ።»

በ1997 ጸደይ የበረዶው ክምር ከረግረጉ ይራቅ የሚለውን ጥያቄ ማዘጋጃ ቤቱ የሚያይበት ሚቲንግ ተጠራ። የዶክተሯ ማስረጃ መዝገቡ ብቻ ነበር። ጋሽ ዑቕባዝጊ ቆመው «ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አላጎደልኩም» እንዲሉ ታስቦ ነበር። «ሰው ፊት እንግሊዝኛዬ ይሸሸኛል» ስላሉ ላስተረጉም ጎረቤታቸው የሆንኩት እኔ ተጠራሁ።

ሁለት ቀን ሲቀረው ጥናት ቤቱ ውስጥ ሦስታችን ተቀመጥን። መዝገቡን ገለጡና ጣታቸውን የ1995 የካቲት ላይ አሳረፉ።

«ይቺ ቁጥር ውሸት ናት። ያን ቀን አልለካሁም። የዋዜማውን ነው የደገምኩት።»

ዶክተሯ መነጽሯን አወለቀች። «አንዷን ካወቁ ሌላውንም አያምኑም» አለች ቀስ ብላ።

«ታዲያ ዝም ልበል?»

  ዶክተሯ እርሳሳቸውን ከእጃቸው ወስዳ ቁጥሩ ላይ መስመር አሰመረችበት፤ ጎኑ ላይም «አልተለካም» ብላ ጻፈች።

ሚቲንጉ ላይ እሳቸው ራሳቸው አነሱት። ሰብሳቢው መዝገቡን አገላብጦ «ሌላም ውሸት እንደሌለ በምን እናውቃለን?» አለ። ስተረጉም ድምፄን ዝቅ ስላደረግኩ ጋሽ ዑቕባዝጊ በክርናቸው ነካ አደረጉኝ። «ልጄ፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ አንቺ ምን ያስፈራሻል? ጮክ በይ» አሉኝ። ከዚያ መለሱ፦

«ሌላ ቢኖር አብሬ እነግራችሁ ነበር። ካላመናችሁኝ ነገ ጠዋት ኑና አብረን እንቅመስ።»

አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ። በማግሥቱ ግን ማንም አልመጣም።

ውሳኔው ከአንድ ወር በኋላ ደረሰ። ክምሩ ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራል፤ ውሃው ማገገሙ እንዲታወቅ ግን ለተጨማሪ አምስት ዓመት በየቀኑ ይለካ። ዶክተሯ ደስታዋ አላስቀምጥ ብሏት አዲስ መዝገብ ይዛ እየሮጠች መጣች። ጋሽ ዑቕባዝጊ በሁለት እጃቸው ተቀበሏት፤ ክብደቱን እንደሚገምት ሰው ትንሽ ከፍ ዝቅ አደረጉት። «አምስት ዓመት» አሉ። ከዚያ ጫማቸው ጭቃ እንደሆነ በሩ አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፤ ለመነሳትም ጊዜ ወሰደባቸው። ያን ጊዜ ስልሳ ሦስት ዓመታቸው ነበር።

በዚያች የየካቲት ቀን ለምን እንዳልለኩ ሚቲንጉ ላይ የጠየቃቸው አልነበረም። ኋላ ወደ ቤት ሲያደርሱኝ መኪና ውስጥ እኔ ጠየቅኋቸው። ነገሩኝ፤ ስለሳቸው ልጽፍ ማሰቤን ሲያውቁም አስጠነቀቁኝ።

«ዋሸ ብለሽ ጻፊ፣ እውነት ነው። ምክንያቷን ግን ተያት። ኣዜብ ካነበበች የመኪናዬን ቁልፍ ትደብቃለች።»

ወይዘሮ ኣዜብ በአማርኛ የተጻፈ ነገር እጃቸው ከገባ ሳያነቡ አያልፉም። ይህንንም ያነቡታል። ጋሽ ዑቕባዝጊ ይቅር ይበሉኝ።

በዚያች ቀን ዋዜማ ሁለት ሺፍት ሠርተው ነበር። ጠዋት ረግረጉ በር ላይ ደርሰው መኪናቸውን አቆሙ፤ እጃቸው እስኪሞቅ ብለው የመኪናውን ማሞቂያ ከፈቱ። ዘንጉ ጉልበታቸው ላይ፣ እርሳሱ ጣታቸው መሃል እንዳለ፣ ውሃው ሰባ እርምጃ ሲቀራቸው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ሲነቁ የሥራ ሰዓት ደርሷል። ደክሟቸው ነበር፣ ወይዘሮ ኣዜብ። አሁንም ደክሟቸዋል።