ከጀርባችን የነበረው ነፋስ

ልጅ እያለሁ «ይቺ ልጅ አትደነግጥም» እባል ነበር። ውሻ ሲያባርረኝ አልጮህም፤ አስተማሪ በድንገት ስሜን ሲጠራ አልበረግግም። እናቴ ይህን እንደ ጉድለት ታየው ነበር፤ ሴት ልጅ ትንሽ መደንገጥ አለባት ትል ነበር። የስፖርት አስተማሪያችን አቶ ተፈራ ግን ጠባዬን ስለወደደው ትምህርት ቤቱ የነበረውን አንድ የሩጫ ሰዓት ለእኔ ሰጠኝ። ባለፈው ወር፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ የአንዲት ቻይናዊት ሯጭ ታሪክ በቴሌቪዥን ሳይ ደነገጥኩ። ለምን እንደደነገጥኩ ለመናገር ከዚያ ሰዓት መጀመር አለብኝ።

ሰዓቱ ክብ ነበር፤ በጥቁር ክር አንገት ላይ ይንጠለጠላል። አናቱ ላይ ያለችውን ጉጥ ሲጫኗት መርፌው ይነሳል፣ ሲደግሟት ይቆማል። አቶ ተፈራ አቧራ እንዳይገባበት በአሮጌ ካልሲ ጠቅልሎ ያስቀምጠው ስለነበር ሲወጣ የብረትና የሲጋራ ሽታ ነበረው። ሌሎቹ ልጆች ሯጮቹ ሲቃረቡ እየጮሁና እየዘለሉ መጫኑን ይረሱታል። እኔ አልዘልም። የማስነሻው መሀረብ ሲወርድ እጫናለሁ፣ ደረት መስመሩን ሲነካ እጫናለሁ፤ በቃ።

አዳማ ያኔ ናዝሬት ነበረች። የዚያን ጊዜ ሰው የበጋውን ነፋስ ያስታውሳል። ከሰዓት በኋላ ሲነሳ መንገደኛው ሁሉ እንደ ተማከረ ጀርባውን ይሰጠዋል፤ ሴቷ ቀሚሷን፣ ወንዱ ባርኔጣውን ይዞ ቆሞ ያሳልፈውና መንገዱን ይቀጥላል። ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት የሳልነውን መስመር እየጠረገ ይወስድብን ነበር። እናቴ «ነፋስ ፊት ሲያገኝ ይመታል፣ ጀርባ ሲያገኝ ይገፋል» ትል ነበር። ከትምህርት ቤቱ በስተጀርባ የነበረው ሜዳችን ከዘይት መጭመቂያው አጠገብ ስለሆነ ነፋሱ የተጨመቀ ኑግ ሽታ ይዞ ይመጣል።

አቶ ተፈራ መጀመሪያ መነሻውን በበሩ በኩል፣ መድረሻውን በመጭመቂያው በኩል አድርጎት ነበር። ልጆቹ ዓይናቸው በአቧራ እየተሞላ ግማሹ መንገድ ላይ ይቆማል፣ ግማሹ ከመስመር እየወጣ ይጋጫል። በሁለተኛው ሳምንት መስመር ያሰመረበትን አመድ አስጠርጎ መነሻውንና መድረሻውን አቀያየረው። ከዚያ በኋላ ነፋሱን ከጀርባ አድርገን ሮጥን። ይህ ለማንም እንግዳ አልነበረም። በናዝሬት ፊቱን ለነፋስ ሰጥቶ የሚሮጥ ሰው ቢኖር የአእምሮው ጤንነት ነበር የሚጠየቀው።

ከድጃ የክፍሌ ልጅና ጓደኛዬ ነበረች። አባቷ አቶ ይመር የወሎ ሰው ናቸው፤ ከአርሲ ነገሌ እህል በሚያመላልስ የጭነት መኪና ላይ ሾፌር ነበሩ። ከድጃ ከቀሚሷ ስር ሱሪ ታጠልቅና ሻሿን ወደ ኋላ ጠበቅ አድርጋ አስራ በሸራ ጫማ ትሮጣለች። ስትሮጥ ድምፅ የላትም። ሌሎቹ ሲያልፉ መሬቱ ይሰማል፤ እሷ ስታልፍ የሚሰማው ሻሿ ብቻ ነው።

አንድ ቀን መቶ ሜትር ከሮጠች በኋላ ሰዓቱን ለአቶ ተፈራ ሳሳየው አላመነም። ከዚያ ሰዓቱን ከአንገቴ አውልቆ ጆሮው ላይ አደረገው፤ አራግፎም አየው። በማግስቱ ደገመች፤ ያው ሆነ። በሦስተኛው ቀን ራሱ ይዞ አስሮጣት፤ ያው ሆነ። ከከተማው ትምህርት ቤቶች ማንም ያላገኘው ሰዓት ነበር። በወረቀት ጽፎ፣ ማኅተም አስመትቶ፣ የትምህርት ቤቶች ውድድር ወደሚደረግበት ደብረ ዘይት ላከው። አንደኛ የወጣች ልጅ አዲስ አበባ ተወስዳ እየሠለጠነች ትምህርቷን ትቀጥላለች ተብሎ ነበር።

አቶ ይመር ግን ሴት ልጅ ለሩጫ ከከተማ መውጣቷን አልወደዱትም። እህታቸው አርሲ ነገሌ ሱቅ ስለነበራት ከድጃን ወደዚያ ሊልኳት አስበው ኖሯል። ትምህርት ቤት ድረስ መጥተው ሰዓቱን በመዳፋቸው ይዘው ገለባበጡት። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የሚሉ ሰው ስለነበሩ ቃላቸውን በሁላችንም ፊት ሰጡ።

«ይህ ነገር አይዋሽም ካላችሁኝ ትሂድ። ዋሽቶ ከተገኘ ግን ሁለተኛ ሩጫ የሚባል ነገር እንዳልሰማ።»

አቶ ተፈራ አይዋሽም አላቸው። ወደ እኔ ዞር ሲሉ እኔም አይዋሽም አልኩ።

ደብረ ዘይት በሊቶሪና ባቡር ሄድን። ከድጃ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ሞጆ እስክንደርስ የጫማዋን ክር ስትፈታና ስታስር ነበር። ሜዳው ከሐይቁ ብዙ የማይርቅ፣ ዙሪያውን ባሕር ዛፍ የቆመበት ነበር። አንድ ቅጠል አይነቃነቅም። መነሻው ላይ ሻሿን ሳስርላት ዙሪያዋን አየችና «እዚህ አየር የለም እንዴ?» አለችኝ። የሐይቅ አገር እንዲህ ነው ብዬ ሳቅኩባት።

አራተኛ ወጣች። ጥላ እንደሚያባርራት ሰው ስትለፋ አየኋት፤ እግሯ እንደ ወትሮው ነበር፣ ግን የሆነ ነገር ጎድሏታል። የሦስቱ ዳኞች ሰዓት ከእኛ ወረቀት በጣም ዘገየ። በመቶ ሜትር ይህን ያህል ልዩነት አንደኛውን አራተኛ ያደርጋል። አንዱ ዳኛ ማኅተም ያለበትን ወረቀታችንን ከፍ አድርጎ ለጓደኞቹ እያሳየ «ናዝሬት ሰዓቱም ይሮጣል እንዴ?» አለ። ሜዳው ሳቀ። ዳኞቹ አቶ ተፈራን ጠርተው አነጋገሩት፤ በዚያ ዕድሜ ያለች ልጅ ያን ሰዓት ልታመጣ እንደማትችል፣ ሰዓት የያዘው ሰው ልጅ ከሆነ ይህ እንደሚያጋጥም ነገሩት። አቶ ተፈራ በሦስተኛው ቀን ራሱ መያዙን አልተናገረም። ለምን እንዳልተናገረ አላውቅም። ከድጃ ጫማዋን በእጇ ይዛ ቆማ ነበር። እኔን ብቻ ነበር የምታየው።

አባቷ የጠየቁኝ በማግስቱ ነው። ቤታችን በር ላይ ቆመው፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ፣ «ልጄ ብርሃኔ፣ ሰዓቱን የያዝሽው አንቺ ነሽ። እውነት ነበር?» አሉኝ።

እውነት እንደነበር አውቅ ነበር። ግን እውነት ነበር ካልኩ ከድጃ ደብረ ዘይት ላይ የለገመች ልጅ ልትሆን ነው። ውሸት ነበር ካልኩ ደግሞ አቶ ተፈራ ቀጣፊ ሊሆን ነው። ሦስት ትልልቅ ዳኞች አይቻልም ያሉትን ነገር አንዲት ልጅ ይቻላል ማለቷም አስፈራኝ። ከሁሉ የቀለለው የራሴ ጣት ነበረች።

«ቀድሜ ተጭኜ ይሆናል» አልኩ።

አቶ ይመር ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ። ትምህርት ሲዘጋ ከድጃ በአባቷ መኪና ጋቢና ተቀምጣ ወደ አርሲ ነገሌ ሄደች። ስትሄድ አልሸኘኋትም። ሰዓቱን ለአቶ ተፈራ ከነካልሲው መለስኩለት፤ እሱም ለምን አላለኝም።

ዓመታት አልፈው እናቴ ስትሞት ከድጃ ለቅሶ መጣች፤ ሦስት ቀንም ከእኔ ጋር ተቀመጠች። ከዚያ ወዲህ ተጠፋፍተን አናውቅም። እህል ነጋዴ ሆናለች፤ በየዓመቱ አዲስ ስንዴ ሲገባ ትልክልኛለች። ያንን ቀን ግን አንዳችንም አንስተን አናውቅም። እኔ በሆዴ ሁለት ነገር ይዤ ነው የኖርኩት። አንደኛው ዋሽቻለሁ የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ የከፋ ነው፤ ምናልባት ዋሽቼ አይደለም፣ ምናልባት ጣቴ በእርግጥ ቀድማ ይሆናል የሚል። ሰው አንድን ውሸት ሃምሳ ዓመት ሲሸከመው መልኩ ይጠፋበታል።

አሁን ወደ ቻይናዊቷ ልምጣ። የልጅ ልጄ ሰላም በዩኒቨርሲቲ የስፖርት ሳይንስ ትማራለች። ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ እኔ ምስር ስለቅም እሷ የዚያችን ሯጭ ታሪክ ከፍታ ታያለች። አጭር፣ ፊቷ ጠፍጠፍ ያለ ልጅ ናት። ከትንሽ የገጠር ከተማ የስፖርት አስተማሪዋ ነው ያወጣት። መጀመሪያ ዝላይ ላይ ነበረች፤ ቆይታ ወደ መቶ ሜትር ገባች። ገና በወጣትነቷ አገሯ ውስጥ በተደረገ ውድድር ማንም ቻይናዊት ያልሮጠችውን ሰዓት ሮጠች። ሕዝቡ ተነስቶ ሲጮህ ይታያል። ከዚያ ሰሌዳው ላይ ከሰዓቷ አጠገብ አንዲት ትንሽ ቁጥር ወጣች፤ ልጅቷም መሬት ላይ ተቀመጠች። ክብረ ወሰኑ አልተመዘገበላትም።

ምን አጠፋች አልኩ። ሰላም ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል መለሰችልኝ።

«ምንም አላጠፋችም እማማ። ነፋስ ከጀርባዋ ነበር። ከተፈቀደው በላይ ከገፋ ሰዓቱ እውነት ነው፣ ክብረ ወሰን ግን አይሆንም።»

እጄ ሰፌዱ ላይ ቆመ። ነፋስ ይህን ያህል ይለውጣል ወይ ብዬ ጠየቅኋት። በመቶ ሜትር ብዙ ይለውጣል አለች። ይህ የቻይና ሕግ ነው ወይ አልኩ። የዓለም ሕግ ነው፣ ጥንትም የነበረ ነው አለችና ፊቴን አይታ «እማማ፣ ምን ሆንሽ?» አለች። ምንም አልሆንኩም አልኳት።

ታሪኩ ቀጠለ። በነፋስ የሮጠች እያሉ ቀለዱባት። እግሯ ታመመ፤ አንድ ዓመት ሙሉ ከውድድር ራቀች። ስትመለስ በአህጉሯ ሻምፒዮና መቶና ሁለት መቶ ሜትር አሸነፈች፤ ያመለጣትንም ሰዓት አሻሽላ ሮጠች። ያን ቀን መስመሩን እንዳለፈች ካሜራው ፊቷ ላይ ነበር። ሰዓቷን አላየችም። መጀመሪያ ያየችው ያችን ትንሽ የነፋስ ቁጥር ነው። ዜሮ አካባቢ መሆኗን ስታይ ነው አፏን በሁለት እጇ የያዘችው። ክብረ ወሰኗ ብዙ ዓመት ሳይሰበር ቆየ፤ አሁን እሷም አሠልጣኝ ሆናለች።

እኔ ግን በሐሳቤ ደብረ ዘይት ነበርኩ። ያ የማይነቃነቅ ባሕር ዛፍ፣ ከድጃ «አየር የለም እንዴ?» ስትለኝ የሳቅኩት ሳቅ። ከናዝሬት ሕዝብ ሁሉ አንድ ሰው እንኳ ነፋሱን አላሰበውም። ነፋሱ ልብሳችንን ሲጎትት፣ መስመራችንን ሲጠርግ እያየን ሰዓታችን ውስጥ መግባቱን አላየንም።

ተነስቼ ወደ በረንዳው ወጣሁ። ከከተማው ወዲያ ኮረብታው ላይ ቻይናዎች የተከሏቸው የነፋስ መብራት ማመንጫዎች ነጭ ክንፋቸውን ያዞራሉ። ከመትከላቸው በፊት ነፋሱን በመሣሪያ ሲለኩ ከረሙ ሲባል ሰምተን በጊዜው ስቀን ነበር፤ ነፋስ ምኑ ይለካል ብለን። በልጅነታችን እኛ የነበረን አንድ ሰዓት፣ አንድ መሀረብና አንድ መስመር አመድ ነው። ዛሬ ሰላምና ጓደኞቿ የሚሮጡበት ሜዳ ላይ ነፋሱ ይለካል፤ አንዲት ልጅ ብትፈጥን ፈጣን ናት፣ በነፋስ ከሆነም በነፋስ ነው ይባላል። ጣቷን የምትከስስ ልጅ አያስፈልጋቸውም።

ለከድጃ የደወልኩት በማግስቱ ነው። እንደ ልማዷ በኦሮምኛ «አካም ጅርታ» ብላ አነሳች። ስለ ስንዴው ጠየቅኋት፣ ስለ ጉልበቷ ጠየቅኋት። ከዚያ ስለ ቻይናዊቷ፣ ስለ ነፋሱ፣ ስለ ሜዳችን ሁሉንም በተራ ነገርኳት። ሰዓቱ አልዋሸም፣ አንቺም አልለገምሽም፤ ለአባትሽ ቀድሜ ተጭኜ ይሆናል ያልኩት ነው ውሸቱ አልኳት።

ከበስተጀርባዋ የገበያው ሰው ድምፅ ይሰማኛል።

«እሱን ያኔውኑ አውቄዋለሁ» አለች። «የአንቺ እጅ መቼ ይቀድማል? አባዬ ሲነግረኝ ብርሃኔ ዋሽታለች አልኩት። ፈርታ ነው፣ ተያት አለኝ።»

አባቷ መዋሸቴን አውቀው ኖረዋል። እሷም አውቃ ለእናቴ ለቅሶ መጥታለች፤ አውቃ በየዓመቱ ስንዴ ልካለች። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«ቆይ እስቲ ብርሃኔ። ነፋሱ ናዝሬት ላይ እኔን ብቻ ነበር የሚገፋው?»

ሁሉንም ነበር አልኳት።

«ታዲያ እነሱን ከእኔ ኋላ ማን አስቀራቸው?» አለችና ሳቀች።

እኔም ለመሳቅ ሞከርኩ። ስልኩን እንደዚያ ሰዓት ተጠንቅቄ በሁለት እጄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።