«በየአሥራ አምስት ቀኑ» መቼ ነው?

ልጄ ዛሬ ጠዋት ከቢሾፍቱ ደውላ «እማ፣ በቃ ገባው» አለችኝ። ገባው የተባለው ሰው አይደለም፤ ለአንድ ክሊኒክ ፓይተን በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ የምትጽፈው ፕሮግራም ነው። ሐኪም የጻፈውን ተመላላሽ ቀጠሮ አንብቦ ቀኑን ያወጣል። «ከቅዳሜ ጀምሮ በየአሥራ አምስት ቀኑ» ሲሉት ግን ቁጥሩን እንዳለ ወስዶ ቀጣዩን እሑድ፣ ከዚያ ሰኞ እያደረገ ሲያንሸራትት ከረመ። «አሥራ አምስት ስንል ሁለት ሳምንት ነው፤ የተነሳንበትንም ቀን እንቆጥራለን» ያልኳት እኔ ነኝ። ከደስታዬ ብዛት ወጤን አሳረርኩ።

በደርግ ጊዜ፣ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ፣ ታላቅ ወንድሜ ታደሰ ናዝሬት ታስሮ ነበር። የሚጠየቀው በየአሥራ አምስት ቀኑ ነው። አንድ የግንቦት ቅዳሜ ከእማዬ ጋር ምሳ ዕቃ ይዘን፣ ዓይን በሚያስጨፍን አቧራ ሄድን። ሰልፉ ላይ ክፉ ወሬ ጠበቀን፤ እስረኞቹ ዛሬ ማታ ይጫናሉ፤ ወዴት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። አሁን ካላገኘነው የት ብለን እንፈልገዋለን?

በሩ ላይ አዲስ ፖሊስ ቆሟል። ካለፈው የመጠየቂያ ቀን ወዲህ ያለውን ጣቱን እያጠፈ ቆጠረና «ገና አሥራ አራት ነው፤ ነገ ኑ» አለን። እማዬ መሬቱ ላይ ቁጭ አለች።

«ጋሼ፣ ባለፈው የመጣንበትን ቅዳሜ አልቆጠሩትም» አልኩ።

«አንቺ ነሽ ሒሳብ የምታስተምሪኝ?»

ከኋላዬ የቆሙት ከዓለም ጤና ከተማ የመጡት ሽንኩርት ነጋዴ፣ እትዬ ፋጡማ፣ ጣልቃ ገቡ። «ኦቦ ፖሊስ፣ የዛሬ ስምንት ሠርግ አለ ቢሉህ መቼ ትሄዳለህ?»

«ቅዳሜ ነዋ።»

«በጣትህ አቆጣጠር እኮ እሑድ ነው። ድንኳኑ ሲነቀል ልትደርስ?»

ሰልፉ ሳቀ። እኔ ፊቱን አያለሁ። ዱላውን ከአንዱ ብብት ወደ ሌላው አዛወረ። ከዚያ በሩን በእግሩ ገፋ አደረገው።

«ቶሎ ግቡ፣ ቶሎ ውጡ።»

ታደሰ ምሳ ዕቃውን ሲቀበለኝ ጎንበስ ብሎ «ዝዋይ» አለኝ። በማግስቱ እዚያ አልነበረም። እኛ ግን ወዴት እንደምንሄድ አውቀናል፤ ክረምቱን በጭቃ ተመላለስን እንጂ ወንድሜን አላጣነውም።

የልጄ ሥራ ገና አላለቀም፤ አንድ የገበያ ቀን እየዘለሉ ለማለት «ገበያ እያለፈ» የሚለውን፣ «ወር በገባ በሦስተኛው» የሚለውን ፕሮግራሙ አያውቅም። እናንተም ሰፈር ተመላላሽ ቀን የሚጠራበት አነጋገር ካለ ትልልቆቹን ጠይቁ፤ ከየትኛው ቀን እንደሚቆጠርም ጨምራችሁ ኮምፒውተር ለሚማረው ልጃችሁ ንገሩት። በአንዲት ቀን ልዩነት ሰው በር ላይ እንዳይቀር።